የሎጊያው ባለ አንድ ኪሎ

ሥራዬ ሚዛን መመዘን ነበር። ሰው ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ሲሚንቶውን በሚዛን ያስለካል፤ ሚዛኑን ራሱን የሚለካ ሰው እንዳለ ግን ብዙዎች አያውቁም። ጡረታ ወጥቼ አዋሽ፣ የወላጆቼ ቤት ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ሲጠይቁኝ በአጭሩ እመልስና ወሬ እቀይራለሁ። ትንሽ ካስረዘምኩት ወደ ጋሽ ይማም ይወስደኛል። አሁን ግን ልጻፈው። በዓይኔ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ የተነገረኝን ደግሞ ተነገረኝ እላለሁ።

የሥራው ሥርዓት ለማስረዳት አይከብድም። በየሱቁ ያለው ባለ አንድ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ፣ ብረት ቢሆንም ድንጋይ ነው የሚባለው፣ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እኛ ዘንድ ካለው ኪሎ ጋር ተመሳክሮ ነው። የእኛ ኪሎ አዲስ አበባ ካለው የአገሪቱ ኪሎ ጋር ይመሳከራል። የአገሪቱም በተራው ባሕር ተሻግሮ ከሌሎች አገሮች ኪሎ ጋር ይተያያል። ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ክፋቱ፣ ሁሉም አብሮ ሲበላሽ እርስ በርሱ ስለሚስማማ ማንም አይጠረጥርም።

እኔ ስቀጠር ይህ ሰንሰለት አፋር ድረስ ገና እየተዘረጋ ነበር። እህል በጣሳ፣ ቅቤ በቅል ይሸጥ ነበር። የአዋሽ ጣሳ ከሎጊያው ይበልጣል፤ አዳይቱ ላይ ደግሞ ቂጡ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ጣሳ ነበር የሚሠራበት። ገበያ ላይ የሚሰማው ጭቅጭቅ ከዋጋው ይልቅ ስለ ጣሳው ነበር። ኪሎ የመጣው ይህን ጭቅጭቅ ሊያስቀር ነው፤ በአብዛኛውም አስቀርቷል።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚሁ አዋሽ፣ በጂቡቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ጣቢያ ነበር። አለቃዬ ቁጡ መሐንዲስ ነበሩ። የመኪና ሚዛን አፈታተሽ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክብደታቸው የታወቀ ትልልቅ ብረቶች በክሬን እያነሣን መጀመሪያ አራቱ ማዕዘን ላይ፣ ቀጥሎ መሐል ላይ እናሳርፋለን። አንዱ ማዕዘን ከሌላው ካልተስማማ ከሥር ገብተን እንፈልጋለን። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ነፋስ ያመጣው አቧራ ከሚንጠባጠብ ዘይት ጋር ረግቶ፣ ደርቆ፣ የሚዛኑን ወለል ከሥር ደግፎ ይዞት ነው። በመሮ ፈልፍለን እስክናወጣው ሾፌሮቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይጠብቁናል። ሲጠብቁ ደግሞ ዝም አይሉም።

"እህቴ፣ ጂቡቲ ላይ ያልነበረ ጭነት እዚህ ስደርስ ከየት መጣብኝ?" አለኝ አንዱ።

ረዳቱ ከጭነቱ አናት ላይ ሆኖ ተቀበለው፦ "እኔ ገዋኔ ላይ ጥብስ በልቻለሁ። እሱን ቀንሱለት።"

"አንተማ ከነጥብሱ ብትመዘን ኪሎ አትሞላም፤ ዝም ብለህ ሸራውን እሰር።"

ከዚያ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ። ሰመራ ያኔ ነፋስና ቢሮ ብቻ ነበረች፤ ሰው የሚኖረው፣ የሚበላው፣ የሚገበያየው ሎጊያ ነበር። የክልሉ መመዘኛዎች የሚቀመጡት ሰመራ ባለው መሥሪያ ቤታችን ሲሆን፣ የሚጠብቋቸው ጋሽ ይማም ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ከሐይቅ አካባቢ። በወጣትነታቸው ዱብቲ ጥጥ ሲመዝኑ ኖረው ነው ወደ መንግሥት ሥራ የገቡት። መመዘኛዎቹ ከነሐስ የተሠሩ፣ በቀይ ከፋይ በተለበጠ የእንጨት ሳጥን ውስጥ እያንዳንዳቸው በየጉድጓዳቸው የሚቀመጡ ነበሩ። ጋሽ ይማም ያን ሳጥን ሲከፍቱ ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም።

አሠራራቸውን ልናገር፤ የኔም አሠራር ከዚያ የተቀዳ ነው። መመዘኛ በባዶ እጅ አይነኩም፤ የእጅ ላብ ክብደት አለው ይላሉ። በጨርቅ ይዘው ያነሣሉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያስቀምጣሉ። ከመኪና የወረደ ብረት ወዲያው አይመዝኑም፤ ሙቀቱ ከክፍሉ ሙቀት እስኪስማማ ይጠብቃሉ። ሲመዝኑ የአየር ማራገቢያው ይጠፋል፤ በሰመራ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ውጤቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ብረቱን አንሥተው እንደገና ያስቀምጣሉ፣ እንደገና ይናገራሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከምንፈትሸው ነጋዴ ሻይ አይጠጡም። የሚያውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ከፍተሻው በፊት ለሳምንት ሰላምታ ያሳጥራሉ።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ሰመራ ላይ ነሐስ ቶሎ ይጠቁራል። ጥንት የነበሩ አንድ አለቃ፣ እኔ አልደረስኩባቸውም፣ የመንግሥት ንብረት ጠቁሮ እንዳላይ ብለው አዘው ነበር አሉ። ስለዚህ ጋሽ ይማም በየሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው በተነፋ አመድና በሎሚ ይወለውሏቸዋል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ያጥባሉ፣ በነጠላ ቅዳጅ ያደርቃሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ሲከፈት የሚያበራው ብርሃን ሁላችንንም ያኮራን ነበር። ሳጥኑ በየጊዜው አዲስ አበባ ሄዶ መመሳከር እንዳለበት እናውቃለን። ጋሽ ይማም በየዓመቱ ይጠይቃሉ፤ መኪና የለም፣ በጀት የለም፣ አለቃው ሊቀየር ነው ይባላል፤ ዓመቱ ያልፋል።

የሎጊያው ጉዳይ የተፈጠረው በዚህ መሐል ነው።

ሰይድ ሎጊያ ላይ ቅቤ እየገዛ ወደ ደሴ የሚልክ ነጋዴ ነበር። አፋር ሴቶች ቅቤያቸውን በጀሪካንና በስልቻ ይዘው እሱ በር ላይ ይሰለፋሉ። ከሌላው ነጋዴ ይልቅ እሱን የሚመርጡት አይሳደብም፣ አያስጠብቅም ብለው ነው። አባቱ ሼህ ሁሴን ከሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ሼህ ሁሴንና ጋሽ ይማም ያንድ አገር ልጆች፣ ባንድ መስጊድ የሚሰግዱ ወዳጆች ነበሩ።

ሰይድ ከደሴ ከመጣ ወዲህ ሚዛኑን ስንፈትሽለት የመጀመሪያችን ነበር። ጋሽ ይማም ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን ሱቁ በር ላይ ተከሉ፤ ፍተሻ የሚደረገው ሰው እያየ ነው። በአንዱ ሳህን የኛን ባለ አንድ ኪሎ፣ በሌላው የሰይድን አስቀመጡ። የሰይድ ሳህን ወረደ።

"ይከብዳል" አሉ ጋሽ ይማም ጮክ ብለው። አነሡት። እንደገና አስቀመጡት። "ይከብዳል።"

"ጋሽ ይማም፣ ደሴ ተፈትሾ ማኅተም ያለበት ነው" አለ ሰይድ።

"ማኅተሙን አይቼዋለሁ።"

"እንግዲያ የእርስዎስ ቢሆን የቀለለው?"

የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ጋሽ ይማም አልሳቁም። "የኔ የመንግሥት ነው። ከሎጊያ ነጋዴ ሁሉ ጋር ተስማምቷል፤ ካንተ ጋር ብቻ ነው ያልተስማማው። ቂጡ ላይ የተሞላውን የእርሳስ ብረት ትንሽ ልፋቅልህና ይስተካከላል፣ እዚሁ እናትምልሃለን።"

"ትክክል የሆነ ብረት አላስፍቅም። ካስፋቅኩማ ስሰርቅ ነበር ማለት ነው።"

"ካላስፋቅክ እወስደዋለሁ።"

"ይውሰዱት።"

በሚገዛ ነጋዴ እጅ የከበደ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ ለሴቶቹ ማስረዳት አላስፈለገም። ባንድ ኪሎ ዋጋ ከኪሎ በላይ ቅቤ ሲወስድባቸው ኖሯል ማለት ነው። ከፊት የነበረችው ሴት በተሰባበረ አማርኛ፣ "ሁልጊዜ ይሄ ነበር?" ብላ ጠየቀችው። ሰይድ፣ "ሁልጊዜ ይሄ ነበር" አላት፤ ሌላ ምን ይበል። ማንም አልጮኸም። ስልቻቸውን አንሥተው ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገሩ።

ሼህ ሁሴን ሱቁ በር ላይ ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ወደ ልጃቸው ቀና ብለው አላዩም። "ይማም" አሉ፣ "እርግጠኛ ነህ?"

"ሁለት ጊዜ መዘንኩት።"

"አንተ ሁለት ጊዜ ከመዘንከው በቃ።"

ድንጋዩን በጨርቅ ከረጢት ከትተን አሸግን፤ ሰመራ መጋዘን ገባ። ሰይድ ብዙ ሳይቆይ ሱቁን ዘግቶ ከአባቱ ጋር ሎጊያን ለቀቀ። ጋሽ ይማም ስሙ ሲነሣ፣ "የወዳጄ ልጅ ነው ብዬ ብተወው ሌላውን በምን አፌ እከሳለሁ?" ይሉ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሎጊያ ስንወርድ በዚያ ሱቅ በኩል አያልፉም ነበር።

ጋሽ ይማም ጡረታ ወጥተው አዋሽ፣ ልጃቸው ዘሐራ ዘንድ ገቡ። ሳጥኑ ለኔ ተላለፈ። ልማዳቸውን ሁሉ ቀጠልኩበት፤ ሐሙስንም ጭምር። አለቆች መጥተው አለቆች ሄዱ። በመጨረሻ፣ የየክልሉ መመዘኛ ሁሉ ተሰብስቦ ከአገሪቱ ኪሎ ጋር ይመሳከር የሚል ትእዛዝ መጣና ሳጥኑን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ።

እዚያ የሚመዘንበት ክፍል ቀዝቃዛ፣ በሩ ወፍራም፣ ድምፅ የማይገባበት ነው። መመዘኛዎቼ አድረው ከክፍሉ ሙቀት ጋር እንዲስማሙ ተደረገ። በማግስቱ ባለሙያዋ ባለ አንድ ኪሎውን መዘነችው። አነሣችው። እንደገና መዘነችው። ሌላ ባልደረባዋን ጠርታ እሱም መዘነው። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ "በምንድን ነው የምታጸዷቸው?" አለችኝ።

ሌላ ነገር ባትናገርም ይበቃኝ ነበር። ነገርኳት። አመድ ልክ እንደ ሞረድ ነው አለችኝ፤ በቀስታ፣ ሳትወቅሰኝ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማራገፍ ብቻ ይበቃ ነበር፤ መጥቆሩ ምንም ጉዳት የለውም። ከባለ አንድ ኪሎው በዓመታት የተፋቀው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የማያህል ነው። በኛ ሥራ ግን ይህ ብዙ ነው።

ሰመራ ተመልሼ መጀመሪያ ያደረግሁት መጋዘን መግባት ነው። የሰይድ ድንጋይ በከረጢቱ ውስጥ፣ ማሸጊያው ሳይነካ ነበር። ማንም አልወለወለውም፤ ጠቁሯል። አዲስ አበባ ከሰጡኝ አዲስ መመዘኛ ጋር ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። ሳህኖቹ እኩል ቆሙ። ደጋግሜ አየሁት፤ እኩል ነበሩ።

ያን ዓመት ከአዋሽ አርባ እስከ ሎጊያ እየዞርን፣ በገዛ እጃችን የፋቅነውን እርሳስ መልሰን ስንሞላ ቆየን። የፋቅነው ድንጋይ ቀልሎ ስለነበር በዚያ ዱቄትና ስኳር የገዛው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲጎድልበት ኖሯል። እሱ በእርሳስ ይስተካከላል። የሰይድ ግን በእርሳስ የሚስተካከል አልነበረም።

ለጋሽ ይማም ልንገራቸው ወይስ ልተወው የሚለውን አላሰብኩበትም። ውጤት ይነገራል፤ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። አዋሽ ሄድኩ። ኩላሊታቸው ታሞ ከስተው ነበር፤ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ዘሐራ ወንበር አምጥታልኝ ገባች።

"ሳጥኑ ተመለሰ?" አሉኝ።

"ተመልሷል ጋሼ።"

"እህ?"

"ቀልሎ ነው የተገኘው። የምንወለውላቸው ሁሉ። ባለ አንድ ኪሎው ይብሳል።"

"ሎሚው ነው አመዱ?"

"አመዱ ነው አሉኝ።"

"አመዱን እኮ ነፍቼው ነበር" አሉ። ከዚያ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ደገፍኳቸው። "ታዲያ የሁሴን ልጅ..."

"መዘንኩት ጋሼ። ትክክል ነው። ያኔም ትክክል ነበር።"

ዘሐራ ድምፃችንን ሰምታ ከቤት ወጣች። "የሰው ሐቅ ይዤ ልሞት ነበር" አሉ ጋሽ ይማም። "ያለበትን አፈላልጊ። አፉ ይበለኝ።"

በወሎ እስላም ዘንድ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ሳይሞት ያን ሰው አግኝቶ "አፉ በለኝ" ይላል፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተበደለው፣ "አፉ ብያለሁ" ካለ ነገሩ በሁለቱ መሐል ያልቃል። በመልእክተኛ አይሆንም፤ ቢሆን እንኳ ጋሽ ይማም በመልእክተኛ አፉ በለኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም።

ዘሐራ ተቆጣች። "አባ፣ ሐኪሙ ከቤት አትውጣ ብሎሃል።"

"ሐኪሙ ያለብኝን ሐቅ አይከፍልልኝም።"

ሰይድ አዳይቱ እንደሚኖር ከሎጊያ ነጋዴዎች ሰማሁ። ባዶውን ወደ ጂቡቲ የሚወርድ የማውቀው ሾፌር አዋሽ አርባ ላይ ለኔና ለጋሽ ይማም ጋቢናውን ለቀቀልን። ሾፌሩ ገና ረዳት ሳለ ጀምሮ ከመኪና ሚዛኑ ያውቀኛል።

"እትዬ አልማዝ፣ አንቺን በመጫኔ ከበድክ ብለሽ እንዳታስቀጪኝ" አለ።

"ጡረታ ልወጣ ነው፤ ሥልጣኔ አልቋል።"

"አብረውሽ ያሉት ሼህስ? እሳቸውም መዛኝ ናቸው?"

"እኔ የተመዘንኩ ነኝ" አሉ ጋሽ ይማም። ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የሰይድ ሱቅ መንገዱ ዳር ናት። ገብቼ መደርደሪያውን ሳይ መጀመሪያ ምን እንደጎደለው አልገባኝም ነበር። ሳሙና፣ ባትሪ፣ ብስኩት፣ ክብሪት፣ የታሸገ ውኃ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሻማ እሽግ። ስኳር የለም። ዱቄት የለም። ሩዝ የለም። በዚያ መንገድ ላይ ስኳር የማይሸጥ ሱቅ አላውቅም። የሚሸጠው በቁጥር የሚሰጥ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚዛን የሚባል ነገር ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ሰይድ ሸብቷል። ጋሽ ይማምን ሲያይ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ በርጩማ አቀረበላቸው። እሳቸው አልተቀመጡም።

"ሰይድ" አሉት፣ "ድንጋይህ ትክክል ነበር። የቀለለው የኔ ነው። በእጄ ስወለውለው ኖሬ እኔው ነኝ ያቀለልኩት። አንተ አልሰረቅክም። አፉ በለኝ።"

ከረጢቱን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። ሰይድ ፈታውና ድንጋዩን በመዳፉ ይዞ ቆመ። አንዲት ሴት ክብሪት ልትገዛ ገብታ፣ ሁኔታችንን አይታ ወጣች።

"አባቴ ነበር የገዛልኝ" አለ። ከዚያ፣ "አፉ ብያለሁ ጋሽ ይማም። ለራሴ አፉ ብያለሁ። እኔ እኮ ሌባ አለመሆኔን አውቅ ነበር።"

"አላህ ይስጥህ።"

"ያባቴን ግን እኔ አፉ ልልዎ አልችልም።"

ጋሽ ይማም አልገባቸውም። "ሁሴን ምን ሆነ?"

"ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ቤት እህል አልቀመሰም። ሐራም ነው ብሎ። እለምነዋለሁ፣ ሚስቴ ታለቅሳለች፤ 'ይማም ሁለት ጊዜ መዝኖታል' ይለኛል። እዚህም መጥተን ጎረቤት ነበር የሚያበላው። አልጋው እኔ ቤት፣ ምግቡ ሰው ቤት። እንደዚያ እንዳለ ሞተ።"

ጋሽ ይማም በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። የነዳጅ መኪናዎች ተከታትለው ያልፋሉ።

"የት ነው የተቀበረው?" አሉ በመጨረሻ።

መቃብሩ ከከተማዋ ጀርባ ነው። ሩቅ አይደለም፤ ግን በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጤና ሩቅ ነበር። ሰይድ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈናቸው ሄድን። ድንጋይ የተከመረበት፣ ስም ያልተጻፈበት መቃብር ነው። ሰይድ ያሳያቸው ቦታ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡ። እኔ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ።

"ሁሴን" አሉ በደከመ ድምፅ፣ "ይማም ነኝ። ልጅህ አልሰረቀም።"

ነፋሱ ኃይለኛ ነበርና እኔ እንኳ ከቆምኩበት በጭንቅ ነው የሰማሁት። ሰይድ ድንጋዩን በከረጢቱ እንደያዘ ከጎናቸው ቆሟል። ትንሽ ጠበቀና ክንዳቸውን ነካ አደረጋቸው።

"ከፍ አድርገው ይንገሩት ጋሽ ይማም" አለ። "መጨረሻ ላይ ጆሮው ከብዶት ነበር።"